የአንድ ሊትር ወተት ክብደት

ከእንጅባራ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ የወተት ማኅበሩ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። የአካባቢው ሰው የጠዋት ወተቱን እዚያ ያስረክባል፤ ከዚያ መኪና መጥቶ ለባሕር ዳር ፋብሪካ ይወስደዋል። ወተቱን የምትረከበው ቤዛዊት የምትባል የዳንግላ ልጅ ነበረች። ስለ ከብት እርባታ ኮሌጅ ተምራ ሥራ የጀመረችው እዚሁ ነው። እንጅባራ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች።

ግንቦት ላይ ማኅበሩ አዲስ ሚዛን ገዛ። እስከዚያ ድረስ ወተት የሚለካው በሊትር ጣሳ ነበር። ፋብሪካው «ከእንግዲህ የምንቀበለው በኪሎ ነው» በማለቱ ነው ሚዛኑ የመጣው። በመጣበት ጠዋት ታዲያ ሰልፉ ተረበሸ።

«ቆይ እንጂ አንቺ ልጅ!» አለ ሀብቱ። ሀብቱ ዲቃላ ላሞች ያሉት፣ ድምፁ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሰው ነው። «እኔ ያመጣሁት ዐሥር ሊትር ነው። ዐሥር ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም የምትይው ከየት የመጣ ነው?»

«ተጨመረልህ እንጂ ተቀነሰብህ?» አለች ከኋላው የቆመች ሴት።

«እሱ አይደል የሚያስፈራኝ! ዛሬ ሳልጠይቅ የጨመረልኝ፣ ነገ ሳልሰማ ይቀንስብኛል።»

ሰው ሳቀ። ቤዛዊትም ሳቀች። ከዚያ ባዶውን የሊትር ጣሳ አንሥታ ሁሉም እንዲያይ ከፍ አደረገችው።

«ሊትር ቦታ ነው» አለች። «ኪሎ ክብደት ነው። ይህን ጣሳ ጤፍ ብሞላውና ገለባ ብሞላው እኩል ይከብዳል?»

«ገለባን ምን አመጣው! አይከብድም።»

«ወተትና ውኃም እንደዚያው ናቸው። ልዩነታቸው ግን ትንሽ ስለሆነ እጅ አያውቀውም።»

ባዶውን ጣሳ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ዜሮ አደረገችው። ውኃ እስከ አፉ ሞላችው፤ አንድ ኪሎ ሆነ። ውኃውን ደፍታ፣ ጣሳውን አድርቃ፣ ከሀብቱ ወተት ቀዳችና አረፋው እስኪወርድ ጠብቃ መልሳ አስቀመጠችው። አንድ ኪሎ ከሠላሳ አንድ ግራም።

«ቅቤው ነዋ የከበደው» አለ አንዱ።

«ቅቤውስ ቀላል ነው። ለዚህ አይደል የሚንሳፈፈው? የሚከብደው ወተቱ ውስጥ የሟሟው ሌላው ነገር ነው። እንግዲህ ሊትሩን ካወቅሁ በአንድ ነጥብ ዜሮ ሦስት አባዛና ኪሎውን አገኛለሁ። ኪሎውን ካወቅሁ ደግሞ አካፍዬ ሊትሩን አገኛለሁ። የሀብቱ ዐሥር ሊትር ያው ዐሥር ሊትር ነው። ስሙ ነው የተለወጠው።»

ሀብቱ አንገቱን ነቀነቀ። አምኖ ይሁን ደክሞት አልታወቀም፤ ብቻ ጀሪካኑን ይዞ ሄደ።

ከሰልፉ መጨረሻ ክዳን ያላት ትንሽ ጣሳ ይዛ ይህን ሁሉ በጸጥታ የምታይ ሴት ነበረች። ካሳነሽ ትባላለች። ዕድሜዋ ስድሳን አልፏል። ወተቷ ሁልጊዜ አንድ ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ከአንድ ያበሻ ላም አይገኝም፤ ከዚያ በታች ደግሞ ማኅበሩ አይቀበልም። ተራዋ ሲደርስ ቤዛዊት «እንዴት አደሩ እማማ ካሳነሽ?» ትላታለች። እሷም «እግዜር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ ልጄ?» ትላለች። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ብርዱ፣ አንዳንድ ቀንም ስለ ዳንግላ ይጨዋወታሉ። ካሳነሽ ወተቷን አስረክባ ወዲያው አትሄድም። ሰልፉ እስኪያልቅ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች፤ ሴቶቹ በአዊኛ የሚያወሩትን ትሰማለች፣ ትጨምራለች፣ ትስቃለች።

ቤቷ ከመንገዱ ገባ ብሎ ወደ ዘንገና አቅጣጫ ነው። ዱሮ በሯ ላይ ቆማ ስትጣራ ከሦስት ቤት ይመለስላት ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ እርሻቸውን የከሰል ግራር ተከሉበት። ዛፉ ከገብስ ይሻላል፤ ጉልበት አይፈልግም፤ ሲደርስ ከሰል ሆኖ ይሸጣል። መሬቱ እንዲህ ብቻውን መሥራት ከጀመረ በኋላ ሰዎቹ ምን ይጠብቃሉ? አንዱ እንጅባራ ቤት ሠራ፤ ሌላው አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል ነጋዴ ሆነ። ማንም ካሳነሽን አልበደላትም። ግራሩ ብቻ በየዓመቱ ከፍ አለ። አሁን በሯ ላይ ስትቆም ከጓሮዋ ድንችና ከትንሿ ሣር በኋላ የሚታያት ግንድ ነው። ነፋስ ሲመጣ ዛፉ ሁሉ በአንድ ላይ ይንሾካሾካል፤ የሰው ድምፅ ግን አይሰማም። ልጇ ምስጋናው ሐዋሳ ግንበኛ ነው። ይደውላል፤ ኔትወርኩ ግራሩ ውስጥ ይጠፋና «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲባባሉ ይቋረጣል።

እንግዲህ ለካሳነሽ በቀን ውስጥ የሰው ፊት የሚታየው በዚያች የወተት ሰልፍ ላይ ነበር።

ላሟ ዳለቻ አርግዛ ነበር። ግንቦት ሲጋመስ ወተቷ መቀነስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ካሳነሽ አልባ ስትጨርስ ጣሳው አልሞላም። ጡቱን አሸችው፤ ዳለቻ እግሯን አነሣች። «እሺ፣ እሺ» አለቻት። ጣሳውን ይዛ ምን ያህል እንደጎደለ አየች። ከሊትር በታች አይቀበሉም። ዛሬ ካልሄደች ነገም አትሄድም፤ ነገ ደግሞ የባሰ ይጎድላል። ዳለቻ እስክትወልድ ክረምቱ አለ። ክረምቱን ሙሉ እዚህ ግራር ውስጥ ስትቀመጥ ታያት።

ወደ ምንጩ ወረደች። ውኃው ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ነበር። በእፍኟ ጨመረች። ነጭነቱ እንኳ አልተለወጠም።

በመንገዱ ላይ ወርቅአየሁን አገኘቻት። ወርቅአየሁ መንገድ ዳር የምትኖር፣ ሁለት ላም ያላት ወሬኛ ሴት ናት። እያወሩ ሄዱ። ተራዋ ደረሰ፤ ቤዛዊት ተቀበለቻት፤ ወተቱ ትልቁ ዕቃ ውስጥ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ። ካሳነሽ የዚያን ቀን ግድግዳውን ተደግፋ ብትቆምም ጨዋታው አልጣማትም። በማግሥቱ ግን ጣማት። እንዲህ እንዲህ እያለ እፍኙ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ።

ሰኔ ሲገባ ፋብሪካው ደወለ። የእንጅባራው ወተት ቀላል ሆኗል፤ ውኃ አለበት፤ ካልታረመ አንቀበልም አለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለቤዛዊት ከነገ ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ወተት አንድ ሊትር እየሞላች እንድትመዝን ነገራት።

በማግሥቱ ካፊያ ነበር። ሰዉ ጋቢውንና ላስቲኩን ተከናንቦ ቆሟል። ቤዛዊት እየቀዳች፣ አረፋውን እየጠበቀች ትመዝናለች። የሀብቱ አንድ ሺህ ሠላሳ ግራም ሆነ፤ ደረቱን ነፋ። የአንድ ሽማግሌ አንድ ሺህ ሃያ አራት ሆነ። ሽማግሌው ሚዛኑ ዝናብ ነክቶት ነው ብለው ተቆጡ። የወርቅአየሁ አንድ ሺህ ሃያ ስድስት ሲሆን እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ላሞቼ ትናንት ከወንዙ ብዙ ጠጥተው ነው» አለች።

«የጠጡት ወደ ጡታቸው ቀጥ ብሎ አይወርድም እኮ» አለች ቤዛዊት።

«አንቺ ላም አልበሽ ታውቂያለሽ?»

ሰው ሳቀ፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ። ቤዛዊትም ነገ እንደገና እመዝናለሁ ብላ ተወችው።

ካሳነሽ ወደ ኋላ ልትመለስ ትችል ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማንም ልብ አይላትም ነበር። ግን አልተመለሰችም። ተራዋ ደረሰና ጣሳዋን ሰጠች። ቤዛዊት «እንዴት አደሩ» አለችና ቀዳች። ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው ቁጥሩ ትንሽ ዋዠቀና ቆመ።

አንድ ሺህ ዐሥራ ሁለት።

ቤዛዊት ቁጥሩን አየችው። ንጹሕ ወተት ከውኃ የሚበልጠው በሠላሳ ግራም ነው፤ ይኸኛው የሚበልጠው በዐሥራ ሁለት። እንግዲህ ከግማሽ በላዩ ውኃ ነው። ቀና ስትል ካሳነሽ እያየቻት ነበር። ልጅቷ ጣሳውን ፈጥና ልታነሣው እጇን ዘረጋች። ግን ሀብቱ ወተቱን አስረክቦም አልሄደም ነበር፤ ቁጥሩን አንብቦታል።

«ዐሥራ ሁለት!» አለ። «ኧረ ይህስ ወተት ሳይሆን የታጠበ ጣሳ ነው!»

ሳቅ የጀመሩ ነበሩ። የካሳነሽን ፊት ሲያዩ ተዉት።

«ምናልባት...» አለች ቤዛዊት። «ምናልባት ጣሳው ውስጥ ዝናብ...»

«ዝናብ አይደለም» አለች ካሳነሽ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «ውኃ ነው። ከምንጭ የቀዳሁት። ዛሬ ብቻም አይደለም።»

ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ። ወርቅአየሁ የነጠላዋን ጫፍ ማሰር ጀመረች። ካሳነሽ ወተቷን ወደ ራሷ ጣሳ መልሳ ክዳኑን ገጠመችና ካፊያው ውስጥ ወጣች። ማንም አልጠራትም።

በማግሥቱ አልመጣችም። በሣልስቱም።

ሽማግሌው መጡ፤ ወተታቸው ከብዶ ነበር። ወርቅአየሁም መጣች፤ የእሷም ከብዶ ነበር። ስለ ካሳነሽ የሚያነሣ አልነበረም። ቤዛዊት ግን ሰልፉ ሲያልቅ ወደ ግድግዳው ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው የጫነውን ወተት እያሰበች ስታሰላ ቆየች። ከካሳነሽ ጣሳ የሚመጣው ውኃ በዚያ ሁሉ ወተት መሀል ምን ያህል ነው? ከሊትሩ ላይ አንዲት ግራም እንኳ አያጎድልም። ፋብሪካውን ያስቆጣው ውኃ ከሌላ ሰው፣ ምናልባትም ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ የመጣ ነው። ጥፋቱን ይዛው የሄደችው ግን አንዷ ናት።

ካሳነሽ እነዚያን ቀናት ድንቿን ስትኮተኩት ዋለች። ዝናቡ ሲበረታ ገብታ ምድጃ ዳር ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ኀፍረቱ ነበር የሚያቃጥላት። ኀፍረቱ ሲበርድ ሌላው መጣ። ጠዋት ስትነሣ የምትሄድበት የለም። «እንዴት አደርሽ» የሚላት የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለዳለቻ ሣር ስትሰጥ «ኧረ ብላ» አለች ጮክ ብላ፤ ላሟን በወንድ መጥራቷ አሳቃት። ሳቋን ስትሰማው ደነገጠች። ስንት ቀን ድምጿን ሳትሰማ እንደቆየች ልታስታውስ አልቻለችም። ምስጋናው ሲደውል «ሁሉም ደህና ነው፤ ወተቱም ደህና ነው» አለችው። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

እሑድ ዕለት ቤዛዊት መጣች። ወርቅአየሁን መንገዱን ጠይቃ፣ በግራሩ መሀል ሁለት ጊዜ ተሳስታ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነው የደረሰችው። ካሳነሽ በሩ ላይ ስታያት መጀመሪያ የመሰላት ከማኅበሩ ለክስ የተላከች ነበር።

«ጥፋቴን ተናግሬያለሁ እኮ ልጄ» አለች። «ሌላ ምን ቀረ?»

«ለእሱ አይደለም የመጣሁት። እንዴት ሰነበቱ ልል ነው።»

ካሳነሽ ጫማዋን ተቀብላ ምድጃው ጎን አኖረችላት፤ ድንች ቀቅላ፣ ጨውና በርበሬ አቀረበች። ልጅቷ እርቧት ነበርና እየተቃጠለች በላች።

«ብሩን ፈልጌ አይምሰልሽ» አለች ካሳነሽ ድንቹን እየላጠችላት። «ከሊትር በታች አንቀበልም ብላችኋል። ዳለቻ ደግሞ ከሊትር በታች ሆነች። ወተቱ ካልሞላ የምመጣበት ምክንያት የለኝም። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።»

ቤዛዊት የያዘችውን ድንች አስቀመጠች።

«ያለ ወተት አይመጡም ነበር?»

«ባዶ ጣሳ ይዤ? ሰው ያለ ጉዳይ ሰልፍ ላይ ሲቆም ምን ይባላል?»

«እማማ፣ አሁን እኮ በኪሎ ነው የምንቀበለው። ሚዛኑ ትንሹንም ይመዝናል። ሦስት መቶ ግራም ቢሆን ሦስት መቶ ግራም ብዬ እቀበላለሁ። ከሊትር በታች አይቻልም የሚባለው ለጣሳው ጊዜ ነበር። ለሊቀ መንበሩ ነግሬው እሺ ብሏል።»

ካሳነሽ ወደ ጋጣው አየች።

«ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር» አለች። «ከዚያን ቀን ወዲህ ማለቡን ትቻለሁ። ወተቷ ነጥፏል። ጥጃው ከብዷታል፤ አሁን ማረፍ አለባት። ለእኔ ብዬ ልጎዳት አልችልም።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ቤዛዊት ቆይታ፣ «እኔም እኮ እዚህ ሰው የለኝም» አለች። «ሴቶቹ በአዊኛ ሲጫወቱ ግማሹን አልሰማም። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ እንጂ በምን እንደሳቁ አላውቅም። ማታ ክፍሌ ገብቼ በሩን ስዘጋ...» አልጨረሰችውም።

«እናትሽ አሉ?»

«አሉ፤ ዳንግላ። በየቀኑ ይደውላሉ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ይብሳል።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ካሳነሽ።

ዝናቡ ሲያባራ እስከ መንገዱ ሸኘቻት። ግራሩ መሀል ከኋላ ከኋላዋ እየሄደች፣ ሴቶቹ አዘውትረው የሚሉትንና የሚስቁበትን አንድ ሁለት ነገር ተረጎመችላት። አብዛኛው ስለ ሀብቱ ነበር። ቤዛዊት ቆማ እስክታነባ ሳቀች። መንገዱ ላይ ደርሰው ሲሳሳሙ «ሰሞኑን እመጣለሁ» አለቻት። በሐምሌም መጣች። ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ረግረግ አደረገውና ቀረች።

ነሐሴ ሊያልቅ፣ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ዳለቻ ወለደች። ቀይ ጊደር ናት። ካሳነሽ ብቻዋን አዋለደቻት፤ እስከ ክንዷ ደም ሆና፣ ጥጃዋ ስትቆም አየች። ለማን እንደምትነግር አጥታ ደጅ ወጥታ ቆመች፤ ከግራሩ በቀር ማንም አልነበረም።

ጥጃዋ ጠብታ የተረፈውን እንገር አፈላችው። እንገር የመጀመሪያ ቀናት ወተት ነው፤ ቢጫና ወፍራም ነው፤ ሲፈላ እንደ አይብ ይረጋል። አይሸጥም፤ ለጎረቤት ይታደላል። ዱሮ ሦስቱ ቤት ሳይደርስ አያልቅም ነበር። በማግሥቱ ማክሰኞ ስለነበር፣ ጾም የለም ብላ፣ ድስቱን በጨርቅ አስራ ወደ ወተት ቤቱ ወረደች። በመንገዱ ሁሉ ቤዛዊት ስታያት ምን እንደምትል ስታስብ ሄደች።

ሚዛኑ ጎን የቆመው ሌላ ሰው ነበር። ትዕዛዙ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው።

«እናቴ፣ ፈልቶ የመጣ አንቀበልም» አላት ድስቱን አይቶ።

«ለሽያጭ አይደለም። ቤዛዊት የለችም?»

«ዳንግላ ተዛውራለች። እናቷ አጠገብ ሥራ ተገኘላት። ሁለት ሳምንት ሆናት።»

ካሳነሽ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። «እሰይ» አለች። «እሰይ፣ እንኳን። ለእናቷም ጥሩ ነው።» ይህን ከልቧ ነበር ያለችው፤ ድስቱ ግን እጇ ላይ ከበዳት። ልትመለስ ዞር ስትል ወርቅአየሁ መንገዱን ዘጋችባት።

«ዳለቻ ወለደች?»

«ትናንት። ጊደር ናት።»

«ታዲያ እንገሩን ይዘሽው ልትመለሺ ነው? ለዛፉ ልታበዪው?»

ድስቱን ተቀብላት ፈታችው። ሰልፉ ፈርሶ ከበባት። በእጃቸው እየቆረሱ በሉ። ሀብቱ ሁለት ጊዜ ወሰደ፤ «ይኸስ ሳይመዘን ይከብዳል» አለ። ካሳነሽ አልተቀየመችውም። ወርቅአየሁ ጆሮዋ አጠገብ ጠጋ ብላ «እኔም እኮ ያን ጊዜ...» አለች። «ተዪው» አለች ካሳነሽ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩበትም።

እንገሩ አልቆ ወተቱ ሲጠራ እንደገና መምጣት ጀመረች። ትዕዛዙ ሥራውን የሚያውቅ፣ ቃል የማያባክን ልጅ ነው። ይቀዳል፣ ይመዝናል፣ «ቀጣይ» ይላል። ካሳነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ከሴቶቹ ጋር ትቆማለች፤ ይጫወታሉ። ቤዛዊት አንድ ጊዜ በወርቅአየሁ ስልክ ደወለች። ከበስተኋላዋ ገበያ የሚመስል ጫጫታ ነበር፤ ድምጿም ደስታ ነበረበት። ለመስቀል እመጣለሁ አለች።

«አትቸኩዪ ልጄ» አለቻት ካሳነሽ። «መንገዱ ገና አልደረቀም።»

ቤዛዊት ሳትመጣ መስቀል አለፈ። መንገዱም ደረቀ። ካሳነሽ እሑድ እሑድ ድንች ትቀቅልና ከሚበቃት ትንሽ ታስበልጣለች፤ ማታ የተረፈውን ለዳለቻ ትሰጣለች።